የተስፋማርያም ሁለት ማሽኖች

ተስፋማርያም እኛ ግቢ ሲገባ የያዘው አንድ ሻንጣና አንድ ጥቅል ሰማያዊ ሽቦ ነበር። ሻንጣውን አልጋ ስር ከተተው፤ ሽቦውን ግን በጥንቃቄ ምስማር ላይ ሰቀለ። እህቴ ዘውዲ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ «ምነው ልጄ፣ ሽቦ እንደ ጋቢ ይሰቀላል እንዴ?» ብትለው፣ «አደይ፣ ሽቦ ከታጠፈ ይታመማል» አላት። ሁለታችንም ሳቅን። ልጁ ግን አልሳቀም፤ የምሩን ነበር።

ዘውዲና እኔ ከውቤ በረሃ ዝቅ ብሎ፣ እናታችን ትታልን በሄደችው የቀበሌ ቤት እንኖር ነበር። ፒያሳ ግማሿ ስትፈርስ ጎረቤቱ ሁሉ ዕቃውን ጭኖ ወደ ዳር ወጣ፤ የኛ ግቢ እንዴት እንደሆነ እንጃ ተረፈች። ከፊቷ የድሮው ባለአንድ ፎቅ ቤት አለ፤ ክሊኒክ ከሆነ ብዙ ዓመቱ ነው። ከኋላዋ ደግሞ ያው ክሊኒክ ያስገነባው ባለአራት ፎቅ አዲስ ሕንፃ አለ። በሁለቱ መካከል የቀረችው ባዶ ቦታ ነች እንግዲህ ግቢያችን፤ ሠርግም ሐዘንም የሚስተናገደው እዚያው ነው። እኔ በክሊኒኩ አንሶላ ሳጥብ ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። ሥራ አስኪያጁ አቶ እንዳለ ደግ ሆነው በር ላይ ሻይና ዳቦ እንድሸጥ ፈቀዱልኝ። የምኖረው በእሷ ነው።

ተስፋማርያም የክሊኒኩ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። ከዓዲግራት ወዲያ ካለች የገጠር ከተማ ነው የመጣው። ትንሿን ክፍል አከራየነው፤ ከሦስት ወር በኋላ ተከራይ መሆኑን እኛም ረሳነው፣ እሱም ረሳው። ዘውዲንም እኔንም «አደይ» ነበር የሚለን፤ በሀገሩ እናቴ ማለት ነው። የቤቱ መብራት ሲጠፋ እሱ ነው የሚሠራው፤ ጣሪያ ሲያፈስ እሱ ነው የሚወጣው። አመሉ ዝምታ ነው። አንድ ነገር ግን ካነሳችሁበት አያቆምም፤ የማሽኖቹ ነገር።

ቀድሞ ክሊኒኩ የነበረው አንድ ማሽን ነው። ስዊች ይሉታል። እኔ የመብራት ማብሪያ መስሎኝ ነበር። «አይደለም አደይ» አለኝ፤ «የኮምፒውተሮቹ ሽቦ ሁሉ የሚሰበሰብበት ሣጥን ነው። ካርድ ክፍል የጻፉትን ላብራቶሪ የሚያደርሰው፣ የላብራቶሪውን ውጤት ለሐኪሙ የሚመልሰው እሱ ነው። እሱ ቆመ ማለት ሁሉም ቆመ ማለት ነው።» አንድ ጊዜ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ተቃጠለና ክሊኒኩ ቀኑን ሙሉ ተዘጋ። ባለቤቶቹ ተቆጡ። ስለዚህ ሁለት ትልልቅ ማሽን ተገዛ፤ አንዱ በድሮው ቤት፣ አንዱ በአዲሱ ሕንፃ እንዲቀመጥ።

ክርክሩ የመጣው ሁለቱ እንዴት አብረው ይሥሩ በሚለው ነው። በዚያን ጊዜ ሩቲ የምትባል ልጅ አብራው ትሠራ ነበር፤ የዶሮ ማነቂያ ሰፈር ልጅ፣ ምላሷ እንደ ምላጭ። ሻይ ሊጠጡ ሲወጡ የቀን መቁጠሪያ ወረቀት ገልብጠው እዚሁ ጠረጴዛዬ ላይ ይሥላሉ።

«አንደኛው እንደ በረኞቻችን ነው አደይ» ይለኛል። «አንዱ ይሠራል፤ ሌላው ያ እስኪወድቅ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።»

«የሚሠራው አብዱልሃኪም ነው» ትላለች ሩቲ። «የሚቀመጠውን ስሙን አልጠራም፤ እንዳይነቃ።»

«ይኼ ብክነት ነው፣ ተወው። ሌላው መንገድ ሁለቱን በወፍራም ሽቦ አስሮ አንድ ማድረግ ነው። ሁለት አካል፣ አንድ ራስ። ስማቸው አንድ፣ አድራሻቸው አንድ። ሥራውን ሁለቱም ይሠራሉ፤ የሚያዘው ግን አንዱ ነው። እሱ ቢሞት ሌላው ወዲያው ይተካዋል። አንድ ጊዜ ትእዛዝ ስትጽፊ ሁለቱም ይሰማሉ።»

«ይኼማ ጥሩ አይደል?» አልኩት።

«ጥሩ ነው። ግን ማሰሪያው የተቆረጠ ዕለት ምን ይሆናል? የታዘዘው፣ አዛዡ ሞቷል ብሎ ራሱን አለቃ ያደርጋል። አዛዡ ደግሞ አልሞተም። ሁለቱም በአንድ ስም፣ በአንድ አድራሻ፣ አለቃው እኔ ነኝ ይላሉ። ያኔ የሚላከው ነገር የት እንደሚሄድ አይታወቅም።»

ሦስተኛው እሱ የሚወደው መንገድ ነው። ሁለቱም የየራሳቸውን ራስ ይይዛሉ፤ እየተነጋገሩ ይሠራሉ፤ ከሥር ላሉት ኮምፒውተሮች ግን አንድ መስለው ይታያሉ። አንዱ ቢሳሳት ሌላው አብሮት አይሳሳትም።

«እሱም ቢሆን ሁለት ጊዜ መጻፍ አለው» ትለዋለች ሩቲ። «እሑድ ጠዋት እንደ ልብስ አጣቢ ያንኑ ነገር እዚህም እዚያም ማሸት!»

«ማሸቱ ይሻላል። ደግሞ በየትኛውም መንገድ ቢሆን፣ ከማሰሪያው ሌላ፣ በጣሪያ በኩል አንዲት ቀጭን ሽቦ መዘርጋት አለባት። ወፍራሙ ቢቆረጥ እንኳ በእሷ አለህ ወይ፣ አለሁ ይባባላሉ።»

ለምን እንዲህ ሙጭጭ እንዳለ ዘውዲ ናት የገባት። በጦርነቱ ጊዜ ስልክ ተቋርጦ ከአንድ ዓመት በላይ የእናቱን ድምፅ አልሰማም። እናቱ እዚያ ሆና ልጄ ሞቷል ብላ ከል ለበሰች። እሱ እዚህ ሆኖ ሞታለች ብሎ ፀጉሩን ተላጨ፤ ተዝካሯንም አወጣ። ስልኩ ሲከፈት ሁለቱም በሕይወት አሉ። ይኼን አንድ ቀን ለዘውዲ ነግሯታል፤ ለእኔ ነግሮኝ አያውቅም፤ ከእሷ ነው የሰማሁት።

መጀመሪያ ለሙከራ አንድ ወር እሱ ባለው መንገድ አሠሩት። ታዲያ ሩቲ አንዱ ላይ ጽፋ ሌላው ላይ መጻፉን ረሳች፤ የራጅ ክፍሉ ግማሽ ቀን ቆመ። ማሽኖቹን የሸጠው ሰው ይኼን ሲሰማ አቶ እንዳለ ዘንድ ከተፍ አለ። ሻይ ይዤ ስገባ ሰውዬው «አንድ ራስ፣ አንድ ትእዛዝ፣ አንድ ሰው ይበቃል» ሲል ሰማሁት። አቶ እንዳለ የወደዷት የመጨረሻዋን ነው።

ተስፋማርያምን አስጠሩት።

«በአጭሩ ንገረኝ። ሁለቱን አንድ ማድረግ ይቻላል፣ አይቻልም?»

«ይቻላል ጋሼ። ግን…»

«ግኑን ተወው።»

«ማሰሪያው ከተቆረጠ…»

«ምን ይቆርጠዋል? መሬት ውስጥ ነው የሚቀበረው። ሰው መቼም መቃብር ካልቆፈረ አይደርስበትም!» ብለው ሳቁ። ሻጩም ሳቀ።

«እንግዲያው በጣሪያ በኩል አንዲት ቀጭን ሽቦ ይፈቀድልኝ።»

«ግንቡ ገና አሁን ነው የተቀባው። ለወደፊት እናያለን። አንተ ደግሞ እውነቱን ንገረኝ፤ ይኼን ሁሉ የምትለው ማሽኑን አስበህ ነው ወይስ ልጅቷ እንጀራዋ እንዳይቀር?»

ተስፋማርያም ዝም አለ። ኋላ ስጠይቀው «ሁለቱንም ነበር አደይ፤ ለዚያ ነው መልስ ያጣሁት» አለኝ።

ሩቲ በወሩ መጨረሻ ተሰናበተች። ጠረጴዛዬ ጋ መጥታ የመጨረሻ ሻይዋን ጠጣች። «እማማ አዲስዓለም፣ አይዘኑ። ራጁን ያቆምኩት እኔ፣ ከበር ውጭ የቆምኩትም እኔ። ከዚህ በላይ ፍርድ አለ?» ብላ ሳቀችና ሄደች። ልጁ ግን ለሁለት ቀን ምግብ አልበላም።

ቦዩ ተቆፈረ። ጠለቅ እንዲል ለምኖ ነበር፤ ግን አለት ወጣባቸውና ክንድ ሳይሞላ አቆሙ። ማሰሪያው ሁለት ሽቦ ነበር፤ ሁለቱንም በአንድ ቱቦ፣ በአንድ ቦይ ቀበሯቸው። የየፎቁ ሽቦ ግን ወደ ሁለቱም ማሽን የሚደርሰው በግንብ በኩል ነው፤ አልተነካም። ቦዩ ያለፈው በድሮው ቤት ግድግዳ ሥር ሥሩን፣ በግቢያችን ነው። ተስፋማርያም ድንጋይ ኖራ እየቀባ ደረደረበትና ዘውዲንና እኔን ጠርቶ አሳየን። «አደይ፣ በዚህ መስመር ላይ ምንም እንዳይቆፈር። ማንም ቢመጣ፣ አንቺ ነሽ ዘበኛዬ» አለኝ።

እውነቱን ለመናገር ማሽኖቹ ዘጠኝ ወር እንደ ሰዓት ሠሩ። አንድ ቀን መሐንዲሶች ሊያዩ ሲመጡ ተስፋማርያም ለሙከራ አንዱን ማሽን ከመብራት ነቀለው፤ በክሊኒኩ ውስጥ ያወቀ ሰው የለም፤ ሌላው ተሸክሞት ዋለ። አቶ እንዳለ ለእንግዳ ሁሉ ያወሩት ጀመር። ተስፋማርያም ራሱ «ተመችቶኛል አደይ፤ ውሸት አልናገርም» አለኝ። ስለ ቀጭኗ ሽቦ ሁለት ጊዜ ደብዳቤ ጽፏል። ሦስተኛውን አልጻፈም። ሥራው የሁለት ሰው ሆኖበት ነበር፤ ደከመው።

ዘውዲ ሐምሌ ውስጥ፣ ማክሰኞ ጠዋት ሞተችብኝ። ቁርሷን ልሰጣት ብዬ ብጠራት ዝም። ሰባ አራት ዓመት ሙሉ በአንድ ቤት አብራኝ የኖረች እህቴ።

ሰው የለኝም። ወንድም የለኝ፣ ልጅ የለኝ። ተስፋማርያም ሥራ ሊገባ ለብሶ ነበር፤ ቦርሳውን አስቀመጠና «እኔ አለሁ» አለኝ። ለበረኛው ለአብዱልሃኪም «አስፈቅድልኝ» ብሎት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደ፤ ፍትሐቱን፣ መቃብሩን፣ ሣጥኑን ሊጨርስ። አስፈቅድልኝ ያለው በቃል ነው፤ በወረቀት አይደለም። ይኼም ኋላ ተቆጥሮበታል።

ዕድሩ ድንኳን ይዞ መጣ። የድሮዎቹ ዕድርተኞች ቢሆኑ ግቢዋን ከመዳፋቸው በላይ ያውቋታል፤ እነሱ ግን በፈረሳው ተበትነው አንዱ ገላን፣ አንዱ ቂሊንጦ ነው። መኪና ላይ ተጭነው የመጡት ተክላይ የሚባል ጎልማሳና ሁለት ሰዎች ናቸው። ተክላይ የዕድሩ ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነው፤ ግቢያችንን ያን ቀን ነው ያየው።

«እማማ፣ እግዜር ያጥናዎት። የት እንትከለው?»

የኛ ግቢ ድንኳን የሚተከልበት ቦታ አንድ ነው። ከወዲያ በኩል ክረምት ሲሆን ጎርፍ ይተኛበታል። ስለዚህ ሁሌም በድሮው ቤት ግድግዳ ጥግ ነው። የእናቴ ድንኳን እዚያ ነበር። የባሌም ድንኳን እዚያ ነበር። እኔ በእጄ አሳየሁት፤ «እዚያ» አልኩት።

«እነዚህ ነጫጭ ድንጋዮች ምንድን ናቸው? ይነሱ?»

ረስቼው ነው ብዬ ብምል ደስ ባለኝ። ብዙ ሰው ሐዘን ያስረሳል ይላል። እኔ አልረሳሁም። የተስፋማርያም ድንጋዮች መሆናቸውን አውቃለሁ፤ የነገረኝም ትዝ ይለኛል። ግን ዘውዲ ተኝታለች፣ ዝናቡ ያጉረመርማል፣ እናቴ ያለቀሰችበት እኔም ያለቀስኩበት ቦታ ሌላ አይደለም። አንድ ካስማ ምን ያደርጋል አልኩ በልቤ። «አንሷቸው» አልኩት።

ንፋስ ስለነበረ ካስማውን በትልቁ መዶሻ ነው ያስገቡት። ከአለቱ ጋር ሲጋጭ ድምፁ ደረቴ ድረስ ተሰማኝ።

ክሊኒኩ ወዲያው ቢቆም ኖሮ መልካም ነበር። አልቆመም። ግማሹ ይሠራል፣ ግማሹ አይሠራም። ላብራቶሪ የላከው አንዱ ይደርሳል፣ አንዱ ይጠፋል። የአንዷ ካርድ ሲፈለግ ይመጣል፤ ደግመው ሲፈልጉት የለም። አንድ ሽማግሌ ደማቸው ሁለት ጊዜ ተቀድቶ «እናንተ ሐኪም ናችሁ ወይስ ቅማል?» እያሉ ኮሪደሩን አተራመሱት። ለቅሶ ላይ ተቀምጬ ጩኸታቸውን እሰማለሁ። ተስፋማርያም ጋ ይደውላሉ፤ ስልኩ አይነሳም። ፍትሐት ላይ ነው። ሣጥኑን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነበር።

ከቀብር የተመለስነው አሥር ሰዓት ግድም ነው። አቶ እንዳለ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ተስፋማርያም ሲያያቸው ወደ ላይ ሮጠ፤ ጫማው ላይ የመቃብሩ አፈር አለ። አብዱልሃኪም አብሮት ወጥቶ ስለነበረ ኋላ የነገረኝ እሱ ነው። የድሮው ቤት ማሽን ላይ የአለቃነቱ መብራት በርቷል። ወደ አዲሱ ሕንፃ ሮጠ፤ እዚያም በርቷል። ተስፋማርያም ቆሞ አየው፤ ከዚያ እጁን ሰደደና ያንን ማሽን ከመብራት ነቀለው። ወዲያው ክሊኒኩ በአንዱ ብቻ ደህና መሥራት ጀመረ። ለስድስት ሰዓት ያህል የታወከው ነገር የአምስት ደቂቃ ሥራ ነበር።

ወደ ድንኳኑ ሲመለስ ካስማውን አየ። ድንጋዮቹን አየ፤ ጥግ ላይ ተከምረዋል። እኔን አየኝ። ገብቶ ለለቀስተኛው ወንበር ያቀብል ጀመር።

የሣልስቱ ማግስት አቶ እንዳለ አስጠሩኝ። ከጎናቸው የክሊኒኩ ሦስት ኃላፊዎች ተቀምጠዋል፤ ተስፋማርያም በሩ አጠገብ ቆሟል።

«እማማ፣ በሐዘንዎ ላይ ስለጠራንዎ ይቅርታ። አንድ ጥያቄ ብቻ ነው» አሉ አቶ እንዳለ። «ተስፋማርያም መስመሩን ለግቢው ሰው ሁሉ አሳይቻለሁ ይላል። እውነት ከሆነ ጥፋቱ የሱ አይደለም፤ እዚያ ትከሉ ያለው ሰው ነው ተጠያቂው። ያ ሰው ከግቢው ከሆነ ከእንግዲህ በግቢው ድንኳን አይተከልም፤ በሩ ላይ መሸጥም የለም። ካላሳየ ደግሞ ሥራውን አልሠራም። ለእርስዎ አሳይቶዎታል?»

ሻይ ጠረጴዛዬ ታየችኝ። ግቢያችን ታየችኝ፤ ነገ እኔ ስሞት የት ልለቀስ ነው? ይኼን ሁሉ ያሰብኩት አንድ ምራቅ እስክውጥ ነው።

«ሐዘን ላይ ነኝ ጌታዬ… አላስታውስም» አልኩ።

«ያስታውሱ እንጂ። አሳይቷል ወይስ አላሳየም?»

አንገቴን ደፋሁ። ያኔ ተስፋማርያም ነው የተናገረው።

«ሐዘንተኛ ናት ጋሼ። አትጠይቋት።»

«እሷ ካልመሰከረች ማን ይመስክርልህ?»

«ማንም» አለ።

በቃ፤ ተባረረ። ደብዳቤው ላይ ያለፈቃድ ከሥራ መቅረትና ንብረትን በአግባቡ አለመጠበቅ ይላል። ቀጭኗን ሽቦ ለምን አልጠየቅህም ብለውታል፤ ሁለት ጊዜ ጽፌያለሁ ቢላቸው ሦስተኛውን ለምን አልጻፍክም አሉት።

ከቤቴ ወዲያው አልወጣም። የዕድሩን አግዳሚዎች ቆጥሮ አስረከበ፤ ድንኳኑ የነበረበትን ጠረገ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሻንጣውን አውጥቶ «ቻይው» አለኝ። ጉልበቴን ሊስም ሲያጎነብስ ትከሻውን ያዝኩት። ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ልቅሶ ነው። ለዘውዲ የማለቅስ መስሎት ይሆናል። ወይም አልመሰለውም።

የዘውዲን አርባ ካወጣሁ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በእጄ ጻፍኩት፤ ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል አያልፍም፣ ግን እውነት ለመጻፍ ይበቃል። አሳይቶኛል፣ ትከሉ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ድንጋዩንም ያስነሳሁት እኔ ነኝ ብዬ ፈርሜ ለአቶ እንዳለ ሰጠሁ። አነበቡት። መነጽራቸውን አወለቁ።

«እማማ፣ ይኼን በዚያን ቀን ቢነግሩን ኖሮ…»

«ፈርቼ ነው ጌታዬ። አሁን ይመለስ። እኔን ከበሩ አንሱኝ።»

«አሁን ሥራውን ለሻጩ ድርጅት ሰጥተነዋል። ሰውም አያስፈልግም፤ ከሩቅ ነው የሚቆጣጠሩት።» ወረቀቱን መለሱልኝ። «እርስዎም በሩ ላይ ይቀመጡ፤ ማንም አይነካዎትም። ይኼንንም ለማንም አያሳዩ።»

ይኸው፣ ያን ሁሉ የፈራሁት ቅጣት አልመጣም።

ተስፋማርያም ያለበትን የነገረችኝ ሩቲ ናት። ቸርችል ቁልቁል ወርጄ አንድ ሞባይል ጥገና ቤት አገኘሁት፤ አንገቱን ደፍቶ የተሰበረ ስልክ ይፈታል። ክስት ብሏል። ሲያየኝ ብድግ ብሎ ያለችውን አንድ በርጩማ ሰጠኝ።

«እንደምን ሰነበቱ እማማ» አለኝ። አደይ አላለኝም።

«ሥራ አላገኘህም እንዴ ልጄ? በሙያህ?»

«ሁለት ቦታ ተፈትኜ ነበር። ከዚያ ክሊኒኩ ጋ ይደውላሉ።» ስልኩን በመፍቻ እየነካካ ነው። «የኛ ሙያ ሰፈር ጠባብ ናት፤ ሁሉም ይተዋወቃል። ኔትወርኩን የጣልከው አንተ ነህ ወይ ይሉኛል።»

ወረቀቱን አውጥቼ ሰጠሁት። ቀስ ብሎ አነበበው፤ ፊደሌ ጠማማ ነው፤ ሁለት ቦታ ላይ ቆም አለ። ከዚያ በእጥፋቱ አጣጥፎ መልሶ ሰጠኝ።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለ። «ግን ይኼን አሁን ለማን ላሳየው?»

«ለሚጠይቁህ ሁሉ። እኔንም ይዘኸኝ ሂድ፤ በአፌ እነግራቸዋለሁ።»

«ስለ ሁለት ማሽን አንድ ራስ፣ ስለ ድንኳን ካስማ… ለቅጥር ቃለ መጠይቅ እርስዎን ይዤ?» ፈገግ ሊል ሞከረና ተወው። «ይተዉት እማማ። ይድከሙ አልልም።»

ወረቀቱን ጉያዬ ስከት ደንበኛ ገባ፤ ስልኳ ውኃ የገባበት ሴት። የተቀመጥኩባትን በርጩማ ለሴትየዋ ለቅቄ ተነሳሁ።